ክረምቱን የቆሙት አራት ባትሪዎች

ጡረታ የወጣሁ ዕለት በመሥሪያ ቤታችን ግቢ ድንኳን ተተክሎ፣ ጋቢ አለበሱኝና ኃላፊያችን ንግግር አደረገ። «ጋሽ ምናለ የያዙት መኪና ክረምቱን ሙሉ ቆሞ ይከርምና መስከረም ላይ በአንድ ቁልፍ ይነሳል» አለ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ጋቢውን ወደ ትከሻዬ እየሳብኩ መሬት መሬቱን አየሁ። ትሕትና መስሏቸው ይበልጥ አጨበጨቡ።

ኃላፊው የተናገረው ሐሰት አልነበረም። ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት በእጄ ያለፈ ባትሪ ክረምት ላይ ሞቶ አያውቅም። ከዚያ በፊት ስለነበረው አንድ ክረምት ግን ድንኳኑ ውስጥ ከነበረው ሰው እውነቱን የሚያውቅ አልነበረም። ቤቴ ገብቼ ጋቢውን አጣጠፍኩና ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። እስከ ዛሬ አለበስኩትም።

ሥራ የጀመርኩት ዳንግላ አጠገብ በነበረ የመንገድ ሥራ ካምፕ ነው። የመጀመሪያ አለቃዬ የማይነሳ ሞተር ሲጮኹበት የሚነሳ የሚመስለው ሰው ነበር፤ ከእሱ የተማርኩት ጆሮ መድፈን ብቻ ነው። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም። የካምፑ ባትሪዎች ሲደክሙ በጋሪ ጭኜ ዳንግላ ገበያ ዳር ወዳለች አንዲት ሱቅ እወስዳቸው ነበር። የሱቁ ባለቤት ጋሽ እድሪስ ይባላል። ካምፑ ተዘግቶ ሥራ ሳጣ ሱቁ በራፍ ላይ ሄጄ ቆምኩ። «ከጋሪው ጋር ነው የመጣኸው ወይስ ብቻህን?» አለኝ። ብቻዬን ነኝ አልኩት። «እንግዲያው ግባ» አለ። ሦስት ዓመት አብሬው ሠራሁ። ባትሪ የሚባለውን ነገር ያስተማረኝ እሱ ነው።

ጋሽ እድሪስ ረጅምና ቀጭን ነበር። ሸሚዙ በአሲድ ተበሳስቶ ወንፊት ይመስላል፤ እጆቹ ግን ሁልጊዜ ንጹሕ ናቸው። ባትሪ ሲመጣለት መጀመሪያ አይለካውም። ሞቅ ባለ ውኃ ሶዳ በጥብጦ ላዩን ያጥበዋል፣ በጨርቅ ያደርቀዋል። «ላዩ ላይ ያለው እርጥበት ከአንዱ ጫፍ ወደ አንዱ ጫፍ ኃይሉን እያሻገረ ይጨርሰዋል» ይል ነበር። ከመኪና ሲያወርድ የነጌቲቩን ገመድ ቀድሞ ይፈታል፤ ሲያስር ነጌቲቩን መጨረሻ ያስራል። ገመዱ የሚታሰርበትን ጫፍ አሽቶ ቫዝሊን ይቀባዋል። ውኃ ሲጎድል የተጣራውን የባትሪ ውኃ ብቻ ይጨምራል። ሰዎች ከቆርቆሮ የወረደ ዝናብ በጀሪካን ይዘውለት ሲመጡ «ይሄን ለእግራችሁ» ብሎ ይመልሳቸዋል።

ከሁሉም በላይ የማልረሳው አለካኩን ነው። አንድ ባትሪ ስድስት ክፍል አለው፤ ስድስቱም የየራሱ ክዳን አለው። ሌላው ሠራተኛ አንዱን ከፍቶ ይለካና ደህና ነው ብሎ ያልፋል። ጋሽ እድሪስ ስድስቱንም ከፍቶ የአሲድ መለኪያውን ስድስት ጊዜ ነክሮ፣ ዓይኑን ከመስታወቱ ጋር ትክክል አድርጎ የአሲዱን ክብደት ያነባል። ያነበበውን በጠመኔ ባትሪው ጎን ላይ ይጽፈዋል። ቻርጀር ላይ ያደረ ባትሪ ከቻርጀሩ እንደወረደ አይለካም። «ገና አሁን ከቻርጀር የወረደ ባትሪ ሙሉ ነኝ ብሎ ይዋሽሃል። ግማሽ ቀን አሳርፈውና ጠይቀው» ይለኝ ነበር። የቆመ መኪና ባትሪ ላይ ደግሞ ጥብቅ ነበር። «ሰው ቆሞ ያረፈ ይመስለዋል። ባትሪ ቆሞ አያርፍም፤ ማንም ሳይነካው ከራሱ ላይ እየበላ ነው። በየወሩ ካልመገብከው ውስጡ ነጭ ይይዛል። ያ ነጭ አንዴ ከደረቀ አይመለስም» ይላል።

እኔን «ልጄ» ብሎ ነበር የሚጠራኝ። እንጅባራ የመንግሥት ጤና መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ስሄድ አንድ የአሲድ መለኪያ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

እንጅባራ ብዙ ዓመት ሠራሁ። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። አንዱ ፎርም ይወድ ነበር፤ ለእያንዳንዱ መኪና ወርኃዊ የባትሪ መቆጣጠሪያ ቅጽ ያወጣው እሱ ነው። ቅጹ ላይ የእያንዳንዱን ክፍል ቁጥር ጽፌ እፈርማለሁ።

ከዚያ ያቺ መኪና መጣች። ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ ናት፤ ሰዉ «ቤት ያዘለችው» ይላታል። ውስጧ አልጋ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ የምርመራ መብራትና የክትባት ማቀዝቀዣ አለ። ሞተሩን የሚያስነሳው ባትሪ ለብቻው ነው። ከመቀመጫው ሥር ደግሞ ለውስጡ መብራትና ለማቀዝቀዣው የሚሆኑ አራት ትልልቅ ባትሪዎች ተደርድረዋል። አራት ሲባዛ በስድስት፣ ሃያ አራት ክፍል ማለት ነው። በየወሩ ሃያ አራት ቁጥር።

ሾፌሯ እንየው ነበር። ከእኔ በአሥር ዓመት ያንሳል። መኪናዋን እንደ ሳሎን ይጠርጋታል፤ ጭቃ ጫማ ይዞ የገባ ሐኪም እንኳ ቢሆን ይመልሳል። ነርሷ ሲስተር ትሁኔ የአዊኛ ተናጋሪ ስለሆነች እናቶቹ ከሩቅ ሲያዩዋት ነበር የሚስቁት። ክረምት ሲገባ የገጠሩ መንገድ ስለማያስኬድ፣ መኪናዋ ከሰኔ እስከ ጥቅምት መባቻ ጓሮ ባለው መጠለያ ውስጥ ትቆማለች።

ያን ዓመት ሰኔ ላይ እንየው ሁሉን አጥፍቶ ቁልፉን አስረከበኝ። ነጌቲቩን ፈታሁ፣ ላዩን አጠብኩ፣ ቫዝሊን ቀባሁ። ሐምሌ ላይ ገብቼ ቻርጅ አደረግሁ፣ አሳርፌ ሃያ አራቱንም ለካሁ፤ ደህና ነበሩ። ከዚያ ማቀዝቀዣው ይሠራ እንደሆነ ልይ ብዬ ገመዱን አሰርኩና አበራሁት። መሥራት ጀመረ። በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ። በዚያ ወቅት በትርፍ ሰዓቴ የምሠራበት አንድ የግል ጋራዥ ነበር፤ አንድ ደንበኛ ቸኩሏል፣ ቶሎ ና አሉኝ። ከሰዓት እመለሳለሁ ብዬ የመኪናዋን በር ዘግቼ ሄድኩ። ከሰዓት ዝናቡ ወረደ። አልተመለስኩም። በማግሥቱም አልተመለስኩም። በሦስተኛው ቀን ረሳሁት።

ነሐሴ ላይ ጓሮው ጭቃና ጉም ብቻ ነበር። የግሉ ጋራዥ ሥራ በዝቶብኛል። ቅጹን ጠረጴዛዬ ላይ አውጥቼ፣ መኪናዋ ድረስ ሳልሄድ ሃያ አራት ቁጥር ጻፍኩ። ሙያውን ስለማውቅ ምን መጻፍ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ሁሉንም አንድ ዓይነት ባደርገው ያስጠረጥራል ብዬ አንዱን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ፣ ሌላውን ሃምሳ አምስት፣ አንዱን ደግሞ ስልሳ አምስት እያደረግሁ አቀያየርኩት። ጋሽ እድሪስ ያስተማረኝን ዕውቀት ለዚህ አዋልኩት። መስከረም ላይም እንደዚያው አደረግሁ።

በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት እንየው ቁልፉን ወስዶ ውስጧን ሲያጸዳ ሰነበተ። ጥቅምት መግቢያ ላይ ጉዞ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ገመዱን ላስር ገባሁ። ታስሯል። የማቀዝቀዣው ማብሪያ እንደበራ ነው፤ ማቀዝቀዣው ግን አይሠራም። ባትሪዎቹን ለካኋቸው፤ ምንም የላቸውም። ያኔ ሐምሌ ላይ ያደረግሁት ትዝ አለኝ። እንየው ሲያጸዳ ከማቀዝቀዣው ድምፅ ስለማይሰማ የጠፋ መስሎት ማብሪያውን አልነካውም።

ያኔ መናገር እችል ነበር። ኃላፊው ዘንድ ገብቼ «ባትሪዎቹ ሞተዋል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጉዞውን በሳምንት እናራዝመው» ብል የሚደርስብኝ ቁጣ ነበር፤ ምናልባት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ። አልተናገርኩም። ቻርጀር ላይ አሳደርኳቸው። ጠዋት ላይ ሳላሳርፍ ለካኋቸው፤ ሙሉ ነን አሉኝ። እየዋሹኝ እንደሆነ አውቅ ነበር።

እንየው መጥቶ «ጋሽ ምናለ፣ ባትሪው እንዴት ነው?» አለኝ።

«ሙሉ ነው፤ ሂድ» አልኩት።

ወደ ቆላው ሄዱ። ጉዞው ለሦስት ቀን ነው፤ ክትባቱ በማቀዝቀዣው ውስጥ አለ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ማቀዝቀዣው መሥራት አቆመ ብለው ስለደወሉ በፒክአፕ ሌላ ባትሪ ይዤ ተላክሁ። ስደርስ ረፋድ ነው። ሲስተር ትሁኔ የማቀዝቀዣውን መለኪያ አሳየችኝ፤ ሙቀቱ ከሚፈቀደው አልፎ ሄዷል። «ይሄን ለሕፃን አልወጋም» አለች። ከዛፉ ሥር ከአርባ የማያንሱ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ተቀምጠዋል። አንዳንዶቹ ገና ሳይነጋ ከቤታቸው የወጡ ናቸው። አንዲት ሴት በእጄ መፍቻ ስላየች ወደ እኔ መጣችና በአዊኛ «ተሠራ?» አለችኝ። ያን ያህል አዊኛ እሰማለሁ። «ሌላ ቀን ትመጣላችሁ» አልኳት። ልጇን ከጀርባዋ ወደ ፊቷ አዙራ አየችው፤ ከዚያ መልሳ አዘለችው። ሲስተር ትሁኔ ተነሥታ ነገረቻቸው። ማንም አልተቆጣም። ነጠላቸውን አራግፈው እየተነሡ አንድ በአንድ ቁልቁል ወረዱ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መኪናዋ ስትመለስ ከእነሱ ግማሾቹ እንኳ አልመጡም አለች ሲስተር። ያቺ ሴት መጥታ እንደሆነ መጠየቅ ፈራሁ።

ኃላፊው ባትሪዎቹ ይድኑ እንደሆነ አሳይ ስላለኝ ጋሽ እድሪስ ዘንድ ወሰድኳቸው። እንደ ድሮው አጠባቸው፣ አደረቃቸው፣ የእያንዳንዱን ስድስቱንም ክዳን ከፈተ። በእጅ መብራት ውስጡን አየና «ና እይ» አለኝ። የእርሳሱ ሳህኖች ነጭ ለብሰዋል።

«ይሄ መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ቻርጅ የተደረገው?»

«መስከረም ላይ» አልኩ።

«ይሄ ነጭ የሁለት ሳምንት አይደለም። ሁለት ወር ባዶውን ቆሟል።»

«ሾፌሩ ሲያጸዳ ማቀዝቀዣውን ሳያጠፋው ትቶት ነው ይላሉ።»

«እነማን ናቸው የሚሉት?»

«መሥሪያ ቤት።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

መብራቱን ከእጁ ተቀበልኩት። ክዳኖቹን አንድ በአንድ መለሰ። «ልጄ፣ ሾፌሩ ማን ይባላል?» አለኝ።

«እንየው።»

«ልጆች አሉት?»

«ሁለት።»

ሌላ አልጠየቀኝም። ባትሪዎቹ እንደማይድኑ በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ።

በሳምንቱ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቀመጠ። እንየው በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ነበር። ሰብሳቢው የእኔን ቅጾች ዘረጋ። በነሐሴም በመስከረምም ሃያ አራቱም ቁጥር ያማረ ነው። ስለዚህ ባትሪዎቹ የሞቱት ቁልፉ እንየው እጅ ከገባ በኋላ ነው ማለት ነው። እንየው «እኔ ምንም አላበራሁም» አለ። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ።

«ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ቁጥሩስ ልክ ነው?»

እንየው እያየኝ ነበር። በጥላቻ አልነበረም የሚያየኝ፤ እውነቱን ተናግሮ እንደሚያወጣው ሰው ነበር የሚያየኝ።

«ልክ ነው» አልኩ።

እንየውን ከመኪናዋ አንሥተው በር ጠባቂ አደረጉት። ጠዋት ጠዋት ስገባ በሩን የሚከፍትልኝ እሱ ሆነ። «እንዴት አደሩ ጋሽ ምናለ» ይለኛል። በአምስተኛው ወር ለቅቆ ወደ አዲስ ቅዳም ሄደ፤ የከሰል መኪና ይነዳል ተባለ። በጣም ያሳፍራል፤ የሄደ ዕለት ቀለል ብሎኝ ነበር።

ወደ ዳንግላ ለሥራ እንደገና ስሄድ ጋሽ እድሪስ ከወንበሩ ተነሣና «አቶ ምናለ፣ ምን ልታዘዝዎት?» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቀም። ከዚያን ቀን በኋላ እስኪሞት ድረስ «እርስዎ» ብሎ ነው ያናገረኝ። ሁልጊዜ በአክብሮት ያስተናግደኛል፣ ሥራዬን በጥንቃቄ ይሠራልኛል። አንድ ጊዜ እንኳ ስለዚያ ነገር አላነሣም። እኔም አላነሣሁም። ሲቀበር ከሰዉ ኋላ ቆሜ ነበር።

የግሉን ጋራዥ ተውኩ። ከዚያ ወዲህ ክረምት ክረምት ጭቃውን እየረገጥኩ እያንዳንዷን የቆመች መኪና በየሁለት ሳምንቱ አያለሁ። ገመድ ፈትቼ «ተፈትቷል» የሚል ወረቀት አንጠለጥልበታለሁ። አዲስ የሚመጡትን ሠራተኞች ስድስቱንም ክዳን አስከፍታለሁ። የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። ሰው ባመሰገነኝ ቁጥር በር ላይ የቆመው እንየው ይታየኛል። ጠንቃቃ የሆንኩት በእሱ ከሥራ መነሣት ነው፤ ምስጋናውን ግን እኔ በላሁት።

ጡረታ ከወጣሁ በሁለተኛው ወር ሚኒባስ ተሳፍሬ አዲስ ቅዳም ወረድኩ። የከሰል መጫኛው ቦታ ጠይቄ አገኘሁት። እንየው ሸብቷል። ባለቤቱ የሺ ከከሰል ማዳበሪያዎቹ መሐል ተቀምጣ አፋቸውን ትሰፋለች። እጇ እስከ ክንዷ ጠቁሯል።

«ጋሽ ምናለ? ምን እግር ጣለዎት?» ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

ወደ ጎን ወስጄ ነገርኩት። መንገድ ላይ ብዙ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝና አጭሩን ተናገርኩ። «ያን ክረምት ባትሪዎቹን አላየኋቸውም። ቁጥሮቹን ከራሴ ነው የጻፍኳቸው። ማቀዝቀዣውን ሐምሌ ላይ አብርቼ የተውኩትም እኔ ነኝ።»

«እኔ ማቀዝቀዣውን አጥፍቼው ነበር ማለት ነው?» አለ።

«ሰኔ ላይ አጥፍተህ ነው ያስረከብከኝ። አንተ ምንም ጥፋት የለብህም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ከሰል የተሞላ ማዳበሪያ ላይ ቁጭ አለ። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገር ጀመረ። «እኔ እኮ አምኜ ነበር። መጀመሪያ አላደረግሁም አልኩ። ኋላ ፊርማዎን ሳይ፣ ጋሽ ምናለ አይዋሹም፣ ሳጸዳ በእጄ ነክቼው ይሆናል ብዬ ራሴን ጠረጠርኩ። ከዚያ ወዲህ ራሴን አላምንም። መኪና ዘግቼ ከሄድኩ በኋላ እመለሳለሁ፤ መብራት አጥፍቻለሁ ወይ፣ ፍሬን ይዣለሁ ወይ እያልኩ። አንዳንዴ ግማሽ መንገድ ሄጄ እመለሳለሁ። ሠራተኛው ይስቅብኛል። እነዚያ እናቶችም በእኔ ምክንያት የተመለሱ እየመሰለኝ ዘጠኝ ዓመት ኖርኩ።»

ሥራውንና ስሙን እንደወሰድኩበት አውቄ ነበር የሄድኩት። ይህንን ግን አላውቅም ነበር። «ይቅር በለኝ» አልኩት።

«እሱን ቆይተን እናየዋለን» አለ። «መጀመሪያ ይጻፉልኝ። እዚያው ፋይሌ ውስጥ ይግባ።»

ጻፍኩ። በማግሥቱ እንጅባራ መዝገብ ቤት ይዤው ገባሁ። ሠራተኛዋ አንብባ «ይሄ እኮ ያረጀ ነገር ነው፤ ጡረታ ወጥተው ምን ያደርግልዎታል?» አለችኝ። ኃላፊው ዘንድ ላከችኝ። ያ በድንኳኑ ውስጥ ንግግር ያደረገው ነው። ሁለት ጊዜ አነበበውና ዓይኔን ሳያይ «ባያመጡት ይሻል ነበር» አለ። መጥቷል አልኩት። «ከፋይሉ ጋር ይያያዝ» ብሎ መራበት። ቁጥር ተሰጥቶት፣ ማኅተም ተደርጎበት በእንየው ፋይል ውስጥ ሲገባ ቆሜ አየሁ።

ግልባጩን ይዤ አዲስ ቅዳም ተመለስኩ። እንየው ተቀብሎኝ ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ ከዚያ ወረቀቱን መልሶ ሰጠኝ።

«ለየሺ ያንብቡላት» አለ። «እሷም ጥፋተኛ መሆኔን አምና ነው የኖረችው።»

የሺ መርፌዋን ማዳበሪያው ላይ ሰክታ ቀና አለች። ጫኞቹ ሥራቸውን አቁመው ዙሪያችንን ቆሙ። ቀስ ብዬ ለእሷ ብቻ ላንብብ ስል እንየው «ጮክ ብለው» አለኝ። ጮክ ብዬ ስሜን፣ የሠራሁትን፣ የዋሸሁትን፣ የእንየውን ንጽሕና አነበብኩ። ድምፄ ሁለት ቦታ ላይ ተቆረጠብኝ፤ ማንም አልረዳኝም። ስጨርስ ወረቀቱን አጥፌ ለእንየው ዘረጋሁለት።

የሺ ጥቁሩን እጇን አንሥታ አስቆመችኝ።

«እንደገና ያንብቡት» አለች።

ወረቀቱን ዘርግቼ ከስሜ ጀመርኩ።